ስንት ለስንት አለቀ?

ውጤቱን እያወቁ የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። የሰፈራችን ባለሱቅ አንዱ ነው። እኔ የማንቸስተር ዩናይትድ፣ የማንቼ፣ ደጋፊ ነኝ። ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ በቶተንሃም በተሸነፍን ማግስት፣ ዳቦ ልገዛ ብቅ ስል ስልኩን ሚዛኑ ላይ አስደግፎ አቁሞታል፤ ስክሪኑ ላይ የቶተንሃም ልጆች ዋንጫ ይዘው ይዘላሉ። እኔን ሲያይ ስልኩን በእርጋታ በፊቱ ደፋውና ዳቦውን እየቆጠረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ማታ እንዴት ሆነ? ስንት ለስንት አለቀ?» አለኝ።

አላወቀም ብለን እንለፈው? ያውቃል! ጎሉን የቶተንሃሙ ጆንሰን በ42ኛው ደቂቃ እንዳገባው፣ ኳሷ የእኛን ተከላካይ ሉክ ሾውን ነክታ እንደገባች ሁሉ ያውቃል። የሚፈልገው ወሬውን አይደለም፤ ወሬውን ከእኔ አፍ መስማት ነው። እኔ «አንድ ለዜሮ ተሸነፍን» ብዬ ቃሌን እንድሰጥ፣ እሱ ደግሞ ገና አሁን እንደሰማ ሆኖ «ውይ!» ብሎ ከንፈሩን እንዲመጥልኝ። እኔ የጠየቅኩት ዳቦ ነው። እሱ ከዳቦው ሂሳብ ላይ ኑዛዜ ይጨምርብኛል።

የባሱም አሉ። የአጎቴ ልጅ የአርሴናል ደጋፊ ነው። ለእንቁጣጣሽ አይደውልም፣ ለገና አይደውልም፣ ልጄ ክርስትና ስትነሳ መንገድ ተዘጋግቶ ነው ብሎ ቀረ። ማንቼ ሲሸነፍ ግን ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ ሳያወርድ ስልኬ ይጮኻል። «ሄሎ፣ ኳሱን አላየሁትም ባክህ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። እንዴት ሆናችሁ?» ይለኛል። ከጀርባው የዲኤስቲቪ ቤቱ ሁካታ ይሰማል።

መልስ አጥቼ አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ አርሴናል የእንግሊዝን ሊግ ለመጨረሻ ጊዜ የበላው በፈረንጆቹ 2004 ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ሁለተኛ፣ በ2016 ሁለተኛ፣ በ2015 ሁለተኛ። ግን 15ኛ የወጣ ሰው ሁለተኛ በወጣ ሰው ላይ ምን ብሎ አፉን ይከፍታል? 42 ነጥብ፣ 18 ሽንፈት፣ 44 አግብተን 54 ገባብን። ስልኬ ላይ ያለው የደረጃ ሰንጠረዥ ሲከፈት የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን አስር ብቻ ነበር። እኛን ለማየት በጣት ወደ ታች፣ አሁንም ወደ ታች መግፋት ነበረብን። ድሮ ያን ሰንጠረዥ ወደ ታች የምንገፋው የከተማችን ባላንጣ ማንቸስተር ሲቲ የት ደረሰ ለማለት ነበር። ሊቨርፑል 20ኛ ዋንጫውን በልቶ ከእኛ እኩል ስለመሆኑ ደግሞ በዚህ ጽሑፍ ምንም አይነገርም።

ከቶተንሃም ጋር በዚያ ዓመት አራት ጊዜ ገጠምን፤ አራቱንም ተሸነፍን። በሊጉ ሁለቴ፣ በእንግሊዙ ካራባኦ ዋንጫ አንዴ፣ ስፔን ቢልባኦ ላይ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ አንዴ። እኛን አራት ጊዜ የገረፈ ቡድን በሊጉ 17ኛ ወጣ። ይህን ሂሳብ የሚፈታ መምህር ካለ ለልጆቼ አስጠኚ አድርጌ እቀጥረዋለሁ።

አንድ የምወደው ተረት አለ፤ «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር»። እናቴ የጎረቤት ባል ሲመሰገን ትተርተዋለች፤ እኔ ግን ለማንቼ አሰልጣኞች የወጣ ይመስለኛል። በዚያ ዓመት አሰልጣኛችን የሆነው ሩበን አሞሪም ሊዝበን ላይ ከበሮውን ሲመታ አይታችሁታል? ወደ እኛ ሊመጣ ቀናት ሲቀሩት የፖርቹጋሉን ስፖርቲንግን ይዞ ማንቸስተር ሲቲን 4 ለ 1 ሸኘው። ያን ምሽት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሦስት ተከላካይ፣ አራት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ፤ ሁሉም ቦታውን ያውቃል፣ ሁሉም ይሮጣል። ያው ሦስት አራት ሦስት ወደ ሜዳችን ኦልድ ትራፎርድ ሲገባ ተከላካዩ አማካይ ሆነ፣ አማካዩ የት እንደሚቆም ጠፋው፣ አጥቂው ኳስ ሳይነካ እየዋለ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ጥር 11 ቀን፣ በጥምቀት፣ ታቦት አስገብተን ተመልሰን ቁጭ ከማለታችን ብራይተን በገዛ ሜዳችን 3 ለ 1 አሸነፈን። አሰልጣኙ ወጥቶ ምናልባት በክለቡ ታሪክ እጅግ ደካማው ቡድን ሳንሆን አንቀርም አለ። እውነት ነው። ግን እውነት ሁሉ በበዓል ቀን ይነገራል?

ተረቱ ያልደረሰበት ነገር ደግሞ ማክቶሚናይ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እኛው ጋ ያደገ ልጅ ነው። ያ የውድድር ዘመን ገና ሲጀመር ለጣሊያኑ ናፖሊ ሸጥነው፤ እኔም «ይሂድ፣ ጎበዝ ግን የማይሆን ልጅ ነው» ካሉት መሃል ነበርኩ፣ ዛሬም ቃሌን አላጥፍም፣ እኛ ጋ አይሆንም ነበር። እሱ ግን የጣሊያን ሊግ፣ የሴሪ አ፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። እኛ ቢልባኦ ላይ ባለቀስን በሁለተኛው ቀን ካልያሪን ሲገጥሙ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ያገባት ጎል የናፖሊን ሻምፒዮንነት በር ከፈተች። ሌላው ተጫዋቻችን አንቶኒም የስፔኑ ቤቲስ ሄዶ ሰው ሆነ። እንግዲህ በሰው እጅ ያማረው ከበሮ የእኛው ከበሮ ነው። ለዚህ የሚሆን ተረት እናቴም የላትም፤ ጠይቄአታለሁ።

ባለቤቶቹን ባላነሳቸው ይሻለኝ ነበር። አንዱ፣ ሰር ጂም ራትክሊፍ፣ ወጪ ይቀነስ አለና በኦልድ ትራፎርድ ለሠራተኛው በነፃ ይቀርብ የነበረው ምሳ ቀርቶ ፍራፍሬ እንዲቀርብ ተወሰነ። ፍራፍሬ! በክረምቱ ከአሞሪም በፊት ለነበረው አሰልጣኝ ለቴን ሃግ ውል አራዝሞ፣ ጥቅምት ላይ አባርሮ፣ ለእሱና ለረዳቶቹ ስንብት ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ያወጣ ክለብ፣ ቁጠባውን የጀመረው ከጸሐፊዋ ሳህን ነው። የሰው ምሳ ከልክሎ ቤቱ የበረከተለት ሰው እስካሁን አላየሁም። ከዚያ ደግሞ መጋቢት ላይ የአዲሱን ስታዲየም ንድፍ አወጡ። ያላያችሁት እዩት፤ ድንኳን ነው። ሦስት ምሰሶ ያለው፣ 100 ሺህ ሰው የሚያስቀምጥ፣ 2 ቢሊዮን ፓውንድ የሚፈጅ ድንኳን። ነዳፊዎቹ ጃንጥላ ነው ይላሉ። እኛ ግን ድንኳን የሚተከለው ለምን ለምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከዚያ ዓመት ውጤት ተነስታችሁ ገምቱ።

ቢልባኦ የተሸነፍነው ግንቦት 13፣ ረቡዕ ማታ ነው። ሞስኮ ላይ ቼልሲን በመለያ ምት ረትተን የአውሮፓን ዋንጫ የበላነውም ግንቦት 13፣ ረቡዕ ማታ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም.። ቀኑ የእኛ ነው ብዬ ነበር። ዳሩ ግንቦት 13 ሲነሳ እኔ የማስበው ዋንጫውን ሳይሆን አንድ ጃኬት ነው።

ያን ምሽት መብራት ጠፍቶ ነበር። ኳስ የሚያሳየው ሰውዬ ጄኔሬተር አስነስቶ፣ በር ላይ ወጠምሻ አቁሞ አስከፍሎ አስገባን። 90 ደቂቃው 1 ለ 1 አለቀ። ጭማሪው ሰዓት ሊጀመር ሲል ሰውዬው ብድግ አለና «የከፈላችሁት ለ90 ደቂቃ ነው፤ ነዳጅ እየነደደ ነው» ብሎ እንደገና ሂሳብ ሊሰበስብ ተነሳ። ቤቱ ተንጫጫ። ሰውዬው ግድ የለውም፤ ከኋላ ወንበር ጀምሮ፣ መልስ እየቆጠረ፣ ከሚያኮርፈው ጋር እየተጨቃጨቀ፣ በዝግታ ወደ ፊት መጣ። እኔ ረድፍ ጋ ሲደርስ እኩለ ሌሊት አልፏል፤ የመለያ ምቱ ተጋምሷል፤ የእኛው ሮናልዶ ስቷል፤ የቼልሲው ጆን ቴሪ ኳሷን አስቀምጧል። ካገባ አለቀልን። ሰውዬው መጥቶ ልክ እኔና ቴሌቪዥኑ መሃል ቆመ። «ዝርዝር የለህም?» አለኝ።

ቤቱ ፈነዳ። ቴሪ ተንሸራቶ ኳሷ ቋሚውን መትታ ወጣች፤ ይህን የማውቀው በኋላ በድጋሚ ስላየሁት ነው። ዓለም በሙሉ በቀጥታ ያየውን ነገር እኔ ቡናማ ጃኬት ነው ያየሁት። ጀርባው ላይ ስፌቱ የተተረተረ ቡናማ ጃኬት። ሰውዬው ዛሬም አለ፤ ቤቱን ቤቲንግ አድርጎታል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም አንባባልም። ገንዘቡ አይደለም የሚቆጨኝ። መልሴንም ግን አልሰጠኝም።

ደስታችንም ቢሆን ከሽንፈታችን የተሻለ ቀን አይመርጥም። ከፈረንሳዩ ሊዮን ጋር በዩሮፓ ሊጉ ሩብ ፍጻሜ የተጫወትነው ሚያዝያ 9 ነው፤ ጸሎተ ሐሙስ! ጉልባን በልተን፣ ምሽት 4 ሰዓት ላይ አንገታችንን ደፍተን እየተሽሎከለክን ገባን። ሕማማት ስለሆነ የቤቱ ባለቤት የኮሜንታተሩን ድምፅ ዘግቶታል። 2 ለ 0 መራን። አቻ ሆኑ። በጭማሪው ሰዓት 4 ለ 2 መሩን፤ ያውም አንድ ሰው በቀይ ወጥቶባቸው! ግማሹ ሰው «ነገ ስግደት አለብን» እያለ ተነስቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ በሰባት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጎል አገባን፤ የመጨረሻዋን ተከላካያችን ማጓየር በ121ኛው ደቂቃ በግንባሩ። በሰሙነ ሕማማት መሳሳም ቀርቶ መጨባበጥ እንደሌለ የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች ተሳሳሙ። ከጎኔ የነበሩ ነጠላ ያጣፉ አዛውንት አንገቴን አንቀው አገላብጠው ሳሙኝና፣ ሲነቁ «ይቅር ይበለን ልጄ» ብለው አማተቡ። በማግስቱ ስቅለት ከስግደት በኋላ ቄሱ በወይራው ጀርባዬን ሲያሳርፉብኝ ከወትሮው ጠንከር ያለ መሰለኝ። ማን ነገራቸው?

ታዲያ በዚያ ሰሞን ማን ጠየቀኝ? ማንም! ባለሱቁ ጋ ሆን ብዬ ሁለቴ ተመላለስኩ፤ «እኔ በሕማማት ኳስ አልከታተልም ጋሼ» አለኝ፣ ጨዋ። የአጎቴ ልጅ ስልክ ጥሪ አይቀበልም። 5 ለ 4 ሆኖ ስንት ለስንት አለቀ የሚል አንድ የእግዜር ሰው ከዚህ ሁሉ ከተማ ጠፋ።

ሌላው ደግሞ መካሪው ነው። እሱ ውጤት አይጠይቅም፤ ጭንቅላቱን ነቅንቆ «ፈረንጅ ተሸነፈ ብለህ ነው እንዲህ የከፋህ? ለምን የአገርህን ኳስ አትደግፍም?» ይላል። ይሄ ሰው በእውነት ያበሽቀኛል። የቅዱስ ጊዮርጊስን በረኛ ስም አያውቅም። ቡና ሊጉን መቼ በላ ብትሉት (በ2003 ዓ.ም.፤ እስከ 2017 አንዴ ብቻ) ወሬ ይቀይራል። እኔ አዲስ አበባ ስታዲየም ዝናብ እየመታኝ ተሰልፌ የገባሁ ሰው ነኝ፤ የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ ያለ ቀን ጉሮሮዬ ተዘግቶ ሰኞ ሥራ ቦታ በእጄ የማወራ ሰው ነበርኩ። ስታዲየሙ ለእድሳት ተብሎ ስንት ዓመት ተዘጋ? የአዲስ አበባ ክለቦች አዳማና ሐዋሳ እየሄዱ ይጫወቱ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ የበላንበት ሜዳ እኮ ነው! በሩ ሲቆለፍ ትንፍሽ ያላለ ሰው፣ እኔ ማንቸስተር ስል የአገር ፍቅሩ ይቀሰቀሳል። የለበሰው ቲሸርት ላይ ምን እንደተጻፈ ልነግራችሁ አልፈልግም፤ የእኛ ጀርሲ አይደለም ግን ፈረንጅኛ ነው።

ከባለሱቁ ተነስቼ የት ደረስኩ። ብቻ ለእሱ መላ አግኝቼለታለሁ፤ ስንት ለስንት አለቀ ሲለኝ እኔም መልሼ «ዳቦው ዛሬ ስንት ገባ?» እለዋለሁ። ዋጋውን እንደማውቅ ያውቃል። ሁለታችንም እኩል እንከፋና እንለያያለን።

የቀጣዩ የውድድር ዘመን መርሐ ግብር በዚያው ዓመት ሰኔ 11 ወጣ። የመጀመሪያው ጨዋታ ነሐሴ 11፣ እሁድ፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ፣ ከአርሴናል ጋር ነበር። ያውም በፍልሰታ። የአጎቴ ልጅ ወዲያው ደውሎ «እኔ ጋ ና፣ አብረን እንየው፣ የጾም ምግብ ይዘጋጃል» አለኝ። እናቴ በየዓመቱ ፍልሰታን ሱባኤ ትገባለች፤ ዘንድሮ እኔም አብሬሽ እገባለሁ ስላት ደስታዋን አትጠይቁኝ፣ ለንስሐ አባቷ ሳይቀር ነገረች። ኔትዎርክ የማይሠራበት ገዳም አጠያይቂልኝ አልኳት።