ኮንቮሉሽንን በዝናብ ጀምሩት

ሦስተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ሳለን አስተማሪያችን ገባና ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም ኢንተግራል ጻፈ። «ይሄ ኮንቮሉሽን ይባላል» አለ፤ ሁለት ፈንክሽኖችን ወይም ሁለት የቁጥር ሰልፎችን አዋህዶ ሦስተኛ የሚያወጣ ስሌት ነው። ከዚያ አራት ትእዛዝ፦ ገልብጥ፣ አንሸራት፣ አባዛ፣ ደምር። እኛም እንደ ዳዊት ሸመደድነው። ፈተናው ላይ ጥሩ ውጤት አመጣሁ። አንዱ ፈንክሽን ለምን እንደሚገለበጥ ግን አላውቅም ነበር። የጠየቀም የለም።

ነገሩ የገባኝ ከተመረቅኩ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያውም የውሃ ምህንድስና የተማረ ጓደኛዬ ስለ ወንዝ ሲያወራኝ። አስተማሪዎችም ትምህርቱን ከዚያው ቢጀምሩት እላለሁ።

ክረምት ላይ ሰኞ የጣለ ዝናብ ሰኞውኑ ሙሉ በሙሉ ወንዝ አይገባም። ለአንዲት ትንሽ ወንዝ 50 በመቶው በዕለቱ፣ 30 በመቶው በማግስቱ፣ 20 በመቶው በሦስተኛው ቀን ይድረስ እንበል። መሬት የሚጠጣውን ለጊዜው እንርሳው። ሰኞ 10 ሚሊ ሜትር ዘነበ። ማክሰኞ 20። ረቡዕ ጠብም አላለ። ታዲያ ረቡዕ ወንዙ ስንት ይደርሰዋል? ከሰኞው 20 በመቶ፣ ማለትም 2። ከማክሰኞው 30 በመቶ፣ ማለትም 6። ከረቡዕ ምንም። ድምሩ 8።

አሁን ሰልፉን እዩት። ቀኖቹ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እያሉ ወደፊት ይሄዳሉ። መቶኛዎቹ ግን 20፣ 30፣ 50 ሆነው ወደኋላ ተሰልፈዋል። ያ ሁሉ «ገልብጥ» ይኸው ነው። ከቆየው ዝናብ የሚደርሰን ጭራው ነው፤ ከዛሬው ደግሞ መጀመሪያው። ማንም ሆን ብሎ የገለበጠው ነገር የለም። የሐሙስን ለማስላት መቶኛዎቹን አንድ ቀን ወደፊት ትገፏቸዋላችሁ። ይሄ «አንሸራት» የተባለው ነው።

ይህን እኔ አልፈለሰፍኩትም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሊሮይ ሸርማን እ.ኤ.አ. በ1932 ዩኒት ሃይድሮግራፍ የሚባለውን ዘዴ ያቀረበው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ የውሃ ባለሙያዎች ዛሬም ጎርፍ ያሰሉበታል።

እንዲያውም ኮንቮሉሽን የምንሠራው ከልጅነታችን ጀምሮ ነው። 12ን በ13 አባዙ። 1 በ1፣ 1። ከዚያ 1 በ3 እና 2 በ1 ተደምረው 5። 2 በ3፣ 6። መልሱ 156። የመሃሏን 5 ለማግኘት አንዱን ቁጥር ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ እየወሰድን አባዝተን ደመርን። ማባዛት ብቻ መስሎን ነበር።

ድምፅ ላይም ያው ነው። ሰርግ ቤት ድምፃዊው «ኢኮ ጨምርልኝ» ሲል ሰምታችኋል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ አንዴ ቢጨበጨብ ድምፁ ግድግዳ ለግድግዳ እየተላተመ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ያንን ጭራ ቀድታችሁ በስቱዲዮ ከተቀዳ ድምፅ ጋር ኮንቮሉሽን ብትሠሩ፣ ዘፋኙ እዚያው አዳራሽ ቆሞ የዘፈነ ይመስላል። የሙዚቃ ሶፍትዌሮች ይህን ይሠራሉ።

«ተማሪዎቹ ኢንተግራሉን ካልቻሉ ምን ዋጋ አለው?» የሚሉኝ አስተማሪዎች አሉ። እውነት አላቸው፣ መቻል አለባቸው። ግን ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይድረስ። ሽምደዳ ደግሞ ቆይቶ ጉድ ይሠራል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ያን ለኩን እ.ኤ.አ. በ1989 ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ በእጅ የተጻፉ የፖስታ ቁጥሮችን የሚያነብ ኮንቮሉሽናል ኔትወርክ፣ ማለትም ምስልን በኮንቮሉሽን እያየ የሚማር ፕሮግራም ሠራ፤ ምስል የሚለዩ ብዙ ሲስተሞች ከዚያ ዘር ናቸው። ዛሬ እነዚህ የሚሠሩባቸውን የታወቁ የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ላይብረሪዎች፣ ማለትም የተዘጋጁ የፕሮግራም ስብስቦች ብትከፍቱ ኮንቮሉሽን የሚሉት ነገር ጭራሽ አይገለብጥም። አራቱን ትእዛዝ የሸመደደ ተማሪ እዚህ ሲደርስ ግራ ይገባዋል። በዝናብ የተማረው ግን መልሱን ራሱ ያገኘዋል፦ ምስል ላይ ትናንትና ዛሬ የለም፤ የሚባዙትን ቁጥሮች ደግሞ ማሽኑ ራሱ ተምሮ ስለሚያወጣቸው ቢገለበጡም ባይገለበጡም ለውጥ የለውም።

ፈተናውም ይቀየር። እኔ ብሆን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ዝናቡ 2 ቀን ጣለ፤ የአንድ ቀን ዝናብ ደርሶ የሚያልቀው በ3 ቀን ነው፤ ታዲያ ወንዙ ለምን 4 ቀን ብቻ ፈሰሰ፣ 5ኛው ቀን የት ገባ?