ሞግዚቷ ለምን ሳትናገር ትሄዳለች?

እንግሊዝ አገር ልጁን ናርሰሪ (የሕፃናት መዋያ) የሚያውል ሐበሻ አንድ ቀን ኢሜይል ሊደርሰው ይችላል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የመዝጊያ ሰዓታችን ከማታ 12 ሰዓት ወደ 11 ተኩል ዝቅ ይላል፣ ሠራተኛ አጥሮናል፣ ይቅርታ። ደብዳቤው ጨዋ ነው። የሚነቀፍ ነገር የለውም።

ጣጣው የሚመጣው ከሥራ ቦታ ነው። ናርሰሪው ስንት ቀን ቀድሞ መናገር እንዳለበት የሚወስነው ወላጅ የፈረመው ውል ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ወር ገደማ ነው። ወላጅም የሥራ ሰዓቴ ይቀየርልኝ ብሎ የማመልከት መብት አለው። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ደግሞ በተቀጠረ በመጀመሪያው ቀን ማመልከት ይችላል። አለቃው ግን መልስ ለመስጠት እስከ 2 ወር ጊዜ አለው። እንግዲህ አስሉት። እስከዚያ ልጁን ማን ያምጣው? አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ ልውረድ አይልም። ለዘገየበት ደቂቃ ሁሉ የሚያስከፍሉ ናርሰሪዎችም አሉ። ልጄን ላስወጣ ቢልም አብዛኛው ውል ቀድሞ ማሳወቅ ያለበትን የአንድ ወር ያህል ጊዜ ያስከፍለዋል።

አዲስ አበባ ይህ ሁሉ ወረቀት የለም። ሞግዚቷ ለፋሲካ አገር ቤት ደርሼ ልምጣ ትላለች። ከዚያ ስልኳ አይሠራም። በቃ። እናት ጎረቤት ታንኳኳለች፣ ወይ እናቷን ከክፍለ ሀገር ታስመጣለች። እዚህ እንግሊዝ ያለነው «አገር ቤት እኮ ሰው አይጠፋም» እንላለን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ጎረቤት ግን እሱም ሥራ ነው የሚውለው።

ስለ ሞግዚቷ መጥፋት ስናወራ እንውላለን። ጠዋት ተነስታ «ልብስሽን ሰብስቢ» ስለተባለችው ግን እምብዛም አናነሳም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ እንደ አገልግሎቱ ከአንድ እስከ ሦስት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ይሰጣል። በራሱ ፈቃድ የሚለቅም 30 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ባንክ የምትሠራው እናት በዚህ አዋጅ ሥር ናት። ልጇን የምትይዝላት ግን አይደለችም፤ የቤት ሠራተኛ በአዋጁ አልተካተተችም።

ሞግዚቷ ለምን በግልጽ አትናገርም? ልለቅ ነው ካለች የዚያኑ ቀን ውጪ ልትባል ትችላለች። የወሩ ደመወዟም ይቀርብኛል ብላ ትፈራለች። የእንግሊዙ ናርሰሪ ወር ሙሉ ቀድሞ ቢናገር የሚቀርበት ክፍያ የለም።