ሩት ነጋ መቼ ጠፋች?

ለኦስካር ዕጩ ሆነች፣ ከዚያ ጠፋች፣ አሁን ተከታታይ ድራማ ላይ የሰው ሚስት ሆና ትሠራለች። ሰሞኑን በአንድ የኤፍኤም የመዝናኛ ፕሮግራም አዲስ አበባ ተወልዳ አየርላንድ ስላደገችው ተዋናይት፣ ስለ ሩት ነጋ፣ የተወራው ይኸው ነው። አዘጋጁ ከንፈር እየመጠጠ ነገረን። እንግዳው ደግሞ ዕድሏን አልተጠቀመችበትም ብሎ ፋይሉን ዘጋው። ቀጥሎ ዘፈን ገባ።

ኧረ ተው! ሰው ማይክ ፊት ከመቀመጡ በፊት ሁለት ደቂቃ ስልኩን ቢነካካ ምን አለበት?

ከቀላሉ ልጀምር። ከኦስካር በኋላ ወደ ቴሌቪዥን ወረደች የተባለው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ለኦስካር ያሳጫት ፊልም «ሎቪንግ» ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2016 ሜይ ወር ነው። «ፕሪቸር» የተባለው ተከታታይ ድራማ ኤኤምሲ በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ የጀመረውም በዚያው በሜይ ነው። ታዲያ ከየት ወደ የት ነው የወረደችው? ሁለቱንም አንድ ላይ ይዛ ነበር። በአንዱ ድምፅዋ የማይሰማ የገጠር ሴት፣ በሌላው ሽጉጥ የምትመዝ፣ የምትሳደብ፣ የምትደባደብ ቱሊፕ። በፕሪቸር አራት ሲዝን ሠርታለች፤ እስከ 2019።

ደግሞስ ቴሌቪዥን ለሷ መቼ እንግዳ ቤት ሆኖ ያውቃል? በ2010 የደብሊን ወሮበሎችን ታሪክ በሚያሳየው «ላቭ ሄት» ውስጥ ነበረች። በዚያው ዓመት እንግሊዞቹ በሠሩት «ሚስፊትስ» ታየች። በ2011 ለቢቢሲ በተሠራ ፊልም ዘፋኟን ሸርሊ ባሲን ሆና ተጫውታ የአየርላንድ ፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚ ሽልማትን ወስዳለች። ከዚያ ደግሞ በማርቭሉ ተከታታይ ድራማ የአበባ ቀሚስ ለብሳ ሰው የምታታልለው ሬይና ሆነች። ኦስካር የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጠፋችው እንምጣ።

በ2018፣ ኦስካር ላይ በታጨች በዓመቱ፣ ደብሊን ተመልሳ ጌት ቴአትር ውስጥ ሐምሌትን ተጫወተች። የሐምሌትን ፍቅረኛ ኦፊሊያን አይደለም። እሱንማ በ2010 ለንደን ናሽናል ቴአትር ጨርሳው ነበር። ራሱን ሐምሌትን! ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ካመጣው ጀምሮ ይህን ተውኔት እንደ ራሳችን ስንቆጥር ኖረናል፤ በአዲስ አበባ የተወለደች ሴት ልዑሉን ሆና መድረክ ስትወጣ ግን ወሬው እዚህ አልደረሰም። በ2020 ያንኑ ሥራ ይዛ ብሩክሊን ሄደች። መሀል ላይ ከብራድ ፒት ጋር «አድ አስትራ»ን ሠርታለች። በ2021 በጥቁርና ነጭ የተቀረጸው «ፓሲንግ» መጣ፤ ጥቁር ሆና ሳለ ነጭ መስላ የምትኖረውን ክሌርን ሆና የኢንዲፔንደንት ስፒሪትን የረዳት ተዋናይት ሽልማት ወሰደች። ለእንግሊዞቹ የፊልም ሽልማት ለባፍታም ለጎልደን ግሎብም ታጨች። በ2022 ብሮድዌይ ላይ ከዳንኤል ክሬግ፣ ከዚያ ከጄምስ ቦንዱ ሰውዬ ጋር፣ ሌዲ ማክቤዝ ሆና ለቶኒ፣ ለብሮድዌይ ቴአትር ትልቁ ሽልማት፣ ታጨች። በ2024 ያ የሰው ሚስት ሆነችበት የተባለው የአፕል ተከታታይ ድራማ «ፕሪዙምድ ኢኖሰንት» ወጣ፤ በ2025 በሱ ለኤሚ፣ ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ትልቁ ሽልማት፣ ታጨች።

ኦስካር፣ ቶኒ፣ ኤሚ። በሦስቱም ዕጩ የሆነ ተዋናይ ከጠፋ፣ እኛ ያለነው የት ነው?

ይበልጥ ያናደደኝ ግን «የሰው ሚስት» የምትለዋ ሹፈት ናት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ችግሩ የአንድ አዘጋጅ ብቻ አይደለም። ትወናን የምንለካው በንግግር ብዛት ነው። ብዙ ያወራ፣ ብዙ የጮኸ፣ በተለይ ብዙ ያለቀሰ ጎበዝ ይባላል። የኛን ፊልሞች እስኪ አስታውሱ። ሴቷ ክፉ ወሬ ስትሰማ ስልኩ ከእጇ ይወድቃል። ግድግዳ ተደግፋ ወደ ታች ትንሸራተታለች። ክራሩ ይገባል። እኛም በቃ ቻለችበት እንላለን።

ሩት «ሎቪንግ» ላይ ያደረገችው የዚህን ተቃራኒ ነው። ያቺ ሚልድረድም እኮ የሰው ሚስት ናት! ጥቁሯ ሚልድረድና ነጩ ሪቻርድ በ1958 ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ። ቨርጂኒያ ሲመለሱ ሸሪፉ ሌሊት ከአልጋቸው አስነስቶ አሰራቸው። ጉዳያቸው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1967 የዚያ ዓይነቱ ሕግ በመላው አሜሪካ ፈረሰ። ይህን ታሪክ ለኛ ደራሲ ብትሰጡት ሚልድረድን ችሎት ፊት አቁሞ የአሥር ደቂቃ ንግግር ያስደርጋታል። ፊልሙ ውስጥ ግን ሴትዮዋ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ጠበቃው ሲደውልላት አይታችኋል? ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ትቆማለች። ታዳምጣለች። አጭር መልስ ትመልሳለች። ስልኩ አይወድቅም፣ ግድግዳ አትደገፍም። ደስታውም ፍርሃቱም ዓይኗ ላይ ይመጣል፤ አንተ ተመልካቹ ነህ የምታለቅሰው። ኦስካር ያሳጫት ይህ ነው። ሐውልቱን ኤማ ስቶን ወሰደችው እንጂ የዚያን ዓመት ትወና ላንሳ ብል መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያ ስልክ ነው።

«ፕሪዙምድ ኢኖሰንት» ላይም ያንኑ ዕውቀት ነው ያመጣችው። ባሏ ዓቃቤ ሕግ ነው። ውሽማው ተገድላ እሱ ተከሰሰ። ባርባራ ነገሩን ታውቃለች፤ ልጆች አሏት፤ ችሎት ውስጥ ሰው ሁሉ እያያት መቀመጥ አለባት። ጄክ ጂለንሃል ላቡን እያንጠፈጠፈ ይንጎራደዳል፣ ጠበቆቹ ይጯጯሃሉ። እኔ ግን እሷን ነበር የማየው። ይቅር ልትለው ነው ወይስ ልትሄድ? ጨክናለች ወይስ ደንዝዛለች? ያንን ጥያቄ ስምንት ክፍል ሙሉ ይዛ መዝለቅ የማንም ሚስት ሥራ አይደለም። የሚስትን ቦታ ለማንኛዋም ቆንጆ ሴት ስጧት፤ ያ ድራማ በሁለተኛው ክፍል ይፈርሳል።

ዕድል ስላሉት ነገር ብዙ አልልም። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ ናቸው። በአራት ዓመቷ ከእናቷ ጋር ከዚህ ሄደች። ሰባት ዓመቷ ላይ አባቷ በመኪና አደጋ ሞተ። ሊመሪክ አደገች፣ ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ትወና ተማረች፣ ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ በመድረክና በቴሌቪዥን ሚናዎች ስትለፋ ቆየች። ይህ ዕድል ከሆነ ልፋት ምን ሊባል ነው?

አንድ ነገር ግን እውነት ነው። ከ«ሎቪንግ» በኋላ ሆሊውድ ፊልም ሙሉ በሷ ትከሻ ላይ አላስቀመጠም። ይህ ግን የስቱዲዮዎቹ ዕዳ ነው። በሥራ ፈጣሪው ስስት ሠራተኛዋ የምትወቀስበት አገር ይኑር እንዴ? እሷ የተሰጣትን ወስዳ የማይረሳ አደረገችው፤ ሲያንሳት ደግሞ መድረክ ላይ ወጣች። ጠፋች የምንለውም መድረኩን ስላላየን ነው። ዕጩ በሆነች ቁጥር ፎቶዋን «የኛ ልጅ» ብለን እንለጥፋለን፤ ላይክ ይዘንባል፤ ሥራዋን ግን ከለጠፉት ውስጥ ስንቱ እንዳየው እግዜር ይወቀው። ምናልባት አዘጋጁም ከለጣፊዎቹ አንዱ ነው።

የጠፉ ተዋናዮችን መፈለግ ካማረው ሩቅ አይሂድ። ሩት አርባን ከተሻገረች በኋላ ነው ቶኒም ኤሚም ላይ ስሟ የተጠራው። እዚህ አገር አርባ የሞላት ተዋናይት ምን ይጻፍላታል? የሙሽራው እናት። የታመመች እናት። የምትራገም አማት፤ እሷም በሁለት ትዕይንት ተጠናቃ ወደ ቤቷ። ከዐሥር ዓመት በፊት ፖስተሩን ሙሉ ይዘው የነበሩ ሴቶች ዛሬ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ቢገኙ ትልቅ ነገር ነው። የፊልም ሠሪዎቹን ስልክ አዘጋጁ አያጣውም። ይደውልና ለነዚህ ሴቶች ምን እየጻፋችሁ ነው ብሎ በቀጥታ ሥርጭት ይጠይቅልን።