ሊንከንን አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት

ስለ አሜሪካው ፕሬዝዳንት አብርሃም ሊንከን ክርክር ሲነሳ ሁሌም ሁለት ወገን አለ። አንዱ ጥቁሮችን ነጻ ያወጣ ቅዱስ ነው ይላል። ሌላው በ1858 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኢሊኖይ ውስጥ ለሴኔት ሲወዳደር ያደረገውን ንግግር ይመዝና «ዘረኛ ነበር፣ አለቀ» ይላል። ንግግሩን በእርግጥ አድርጎታል። ጥቁርና ነጭ በፖለቲካም በማኅበራዊ ኑሮም እኩል እንዲሆኑ እንደማይፈልግ በአደባባይ ተናግሯል።

ግን ሰውየው እዚያ አልቀረም። ደግሞ በራሱ ጊዜ አልተለወጠም፣ ተገፍቶ ነው።

ባርነትን ድሮም አይወደውም ነበር። አለመውደድና ማጥፋት ግን ለየቅል ናቸው። በመጋቢት 1861 ሥልጣን ሲይዝ ባርነት ባለባቸው ግዛቶች ጣልቃ እንደማይገባ ቃል ገባ። ባርነት የነበረባቸው የደቡብ ግዛቶች ግን ተገንጥለው የእርስ በርስ ጦርነት ገጠሙት። በዚያው ዓመት የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ፍሬሞንት ሚዙሪ ውስጥ የአማፂዎቹን ባሪያዎች ነጻ ናችሁ ሲል፣ ሊንከን ትእዛዙን ሻረው። ባርነት ያለባቸው ነገር ግን ያልተገነጠሉት እንደ ኬንታኪ ያሉ ግዛቶች ወደ ደቡብ እንዳይዞሩበት ፈርቶ ነው። በነሐሴ 1862 ደግሞ የጥቁሮች ተወካዮችን ዋይት ሐውስ ጠርቶ፣ ሕዝባችሁ ወደ መካከለኛው አሜሪካ ሄዶ ቢሰፍር ይሻላል አላቸው። ያሳፍራል። የአማፂዎቹን ባሪያዎች ነጻ የሚያወጣውን የነጻነት አዋጅ ረቂቅ እኮ ከአንድ ወር በፊት ለካቢኔው አንብቦ ነበር!

መጀመሪያ የገፉት በባርነት የተያዙት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። በግንቦት 1861 ሦስት ሰዎች አምልጠው ቨርጂኒያ ውስጥ ወደሚገኘው የሰሜኑ ጦር ምሽግ፣ ፎርት ሞንሮ፣ ገቡ። አዛዡ ለጌቶቻቸው አልመልስም አለ። ከዚያ ሌሎቹ በሺዎች ተከተሉ። ዋሽንግተን ያሉት «እናስብበት» ሲሉ እነሱ እግራቸውን አንስተው ጀምረውታል። የጥር 1863 አዋጅ የሸፈነው በአማፂዎች እጅ ያለውን አካባቢ ብቻ ነው፣ እሱም ሙሉውን አይደለም። ግን ለጥቁሮች የጦሩን በር ከፈተ፤ 180 ሺህ ገደማ ዘመቱ። ከዚያ በኋላ ወደኋላ መመለስ የሚታሰብ አልነበረም።

ተቀናቃኞቹን የያዘበት መንገድም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በ1860 ለፓርቲው ዕጩነት የተፎካከሩትን ሴዋርድን፣ ቼዝንና ቤትስን ካቢኔው ውስጥ አስገባቸው። ጠበቃው ስታንተን በ1855 በአንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ አብረው ሲመደቡ ፊት ነስቶት ነበር፤ በ1862 የጦር ሚኒስትር አደረገው። ብዙ ሰው ይህን ደግነት ይለዋል፣ እኔ ግን ግማሹ ስሌት ነው ባይ ነኝ። አዋጁን ጦሩ ድል እስኪያገኝ አቆየው ያለው ሴዋርድ ነው፣ ሊንከንም ሰምቶት ጦሩ የደቡቡን ጦር እስከመለሰበት እስከ አንቲታም ውጊያ ጠበቀ። ቼዝ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ እያለ ለ1864 ምርጫ ወንበሩን ሲቋምጥ ነበር። ሊንከን መልቀቂያውን ተቀበለውና፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የበላይ ዳኛ አድርጎ ሾመው። ቼዝ የታወቀ የባርነት ተቃዋሚ ነበር፤ ሊንከን ደግሞ አዋጁን የማይሽር ፍርድ ቤት ይፈልጋል። ባርነት አይነካ ይል የነበረው ጄኔራል ማክሌላን ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም። ከአዛዥነቱ ተነሳ፣ በ1864 በምርጫ ተፎካከረው፣ ተሸነፈ።

በዚያ የምርጫ ዘመን፣ ነሐሴ ላይ፣ ሊንከን መሸነፉ አይቀርም ብሎ ፈርቶ ነበር። ለሰላም ሲባል የነጻነቱን ጉዳይ እንደሚያላላ የሚያስመስል ደብዳቤ አረቀቀ። እና ማንን አማከረ? ራሱ ከባርነት ያመለጠውንና ለዓመታት ሲተቸው የኖረውን ፍሬድሪክ ዳግላስን። ዳግላስ አትላከው አለው። አልላከውም።

ሚያዝያ 11 ቀን 1865 በሕይወቱ የመጨረሻ በሆነው የአደባባይ ንግግር፣ ቢያንስ የተማሩና በወታደርነት ያገለገሉ ጥቁሮች ቢመርጡ እወዳለሁ አለ። በ1858 ጥቁር አይመርጥም ያለው ያው ሰውዬ ነው። የደቡቡ ደጋፊ የነበረው ተዋናይ ጆን ዊልክስ ቡዝ ከሕዝቡ መሃል ቆሞ ይሰማ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ተኮሰበት።