እርማት፦ «የሳሞስ ሸክላ» የሳሞስ አይደለም

በእንግሊዝ ገጠር በቁፋሮ ስለወጡት የሮማ ዘመን ገሎች በቀረበው ጽሑፍ፣ «ቀዩና አንጸባራቂው ሸክላ ከግሪክ ደሴት ከሳሞስ የመጣ ነው» ተብሏል። ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል። በብሪታንያ «ሳሚያን» የሚባለው በልማድ ብቻ ነው፤ እዚያ የሚገኘው በአብዛኛው የተሠራው በጎል፣ በዛሬዋ ፈረንሳይ ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዋናዋ ምንጭ በሚዮ ከተማ አጠገብ ያለችው ላ ግሮፍሰንክ ነበረች፤ በ2ኛው ደግሞ በመካከለኛው ፈረንሳይ ያለችው ሌዙ ተተካች። የላ ግሮፍሰንክ ሠሪዎች ወደ እቶኑ የገባውን ዕቃ በሳሕን ላይ ጭረው ይመዘግቡ ነበር፤ ለአንድ ተኩስ ብቻ ወደ 30,000 ዕቃ የሚቆጥር ዝርዝር ተገኝቷል!

የቁፋሮ ግኝት ለሚመዘግብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የገሉን ጠርዝ በጉጠት ትንሽ ሰበር አድርጉና አዲሱን ስብራት በማጉያ መነጽር ተመልከቱ። የላ ግሮፍሰንኩ ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ ሆኖ ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉት፤ በሌዙው ላይ ግን ሚካ የተባለ አንጸባራቂ ማዕድን ብናኝ ያብለጨልጫል። ሁለቱን «ሳሞስ» በሚል አንድ ስም ከጠቀለላችኋቸው፣ አንድ ቦይ በ1ኛው ወይስ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተሞላ የሚነግራችሁን ምስክር በገዛ እጃችሁ ታጠፋላችሁ።

«ቀይ ቀለም የተቀባ» የሚለውም ይታረም። ቀለም ሳይሆን፣ እጅግ ከላመ ሸክላ የተዘጋጀ ስስ ልባጥ አየር በሚገባበት እቶን ሲተኮስ የሚያወጣው መልክ ነው። የሠሪው ማኅተም ያለበት ገል ካጋጠማችሁ ደግሞ፣ ግማሽ ፊደል ብቻ ቢቀረውም ማኅተሙን እንዳለ በጽሑፍ መዝግቡት።