«ኢሽ» የንቀት ምልክት አይደለም
በእንግሊዝኛ «ኢሽ» ብለው የሚያልቁ ቃላት ንቀት አለባቸው የሚለው፣ እዚህ በወጣው ጽሑፍ ላይ ያነበብኩት ሐሳብ ልክ አይደለም። «ፉሊሽ» ቂል ማለት ስለሆነ ብቻ እንዲህ አይባልም። «ኢንግሊሽ»፣ «አይሪሽ»፣ «ተርኪሽ» ላይ ያለውም ያው ቅጥያ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ዋና ሥራው የሰውን ሀገርና ወገን መንገር ነበር። «ፉል» (ቂል ሰው) የሚለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ የገባ ስለሆነ «ፉሊሽ» የመጣው ከ«ኢንግሊሽ» በኋላ ነው። «ቻይልዲሽ» (እንደ ልጅ የሚሆን) ላይ ንቀት አለ፣ እሱን አልክድም። «ሬዲሽ» ግን ቀላ ያለ ማለት ነው፣ በቃ። እኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጆች አስጠናለሁ። እነሱን የሚያስቸግራቸው ሌላ ነገር ነው። «ሂ ኢዝ ኤ ፉሊሽ» ብለው ይጽፋሉ፤ እዚያው ገጽ ላይ ደግሞ «ሂ ኢዝ ኤ ብሪቲሽ»። ስህተቱ አንድ ነው። ሁለቱም ቅጽል ስለሆኑ ከኋላቸው ስም ከሌለ «ኤ» አይገባም። ወይ «ኤ»ን መተው ነው፣ ወይ «ኤ ፉል» ማለት። «ኢትዮፒያን» ግን ስምም ቅጽልም ስለሚሆን በ«ኤ»ም ያለ «ኤ»ም ያስኬዳል፤ ልጆቹን የሚያሳስታቸውም ይሄ ይመስለኛል። አይፈረድባቸውም፤ በአማርኛ «ቂል ነው» ብለን፣ ሲያሻንም «ቂሉ መጣ» እንላለን፣ ቃሉ አይለወጥም። ከላይ አስተያየት ላይ «ኢንግሊሽና ብሪቲሽ ያው ናቸው» ያልከው ወንድሜ፣ አይደሉም። የስኮትላንድ ሰው ብሪቲሽ ነው፤ «ኢንግሊሽ ነህ» ብትለው ግን ቅር ይለዋል። የዌልስ ሰውም እንደዚያው።