ይድረስ ለክቡር ምስማር

ለክቡር ምስማር፤
ባሉበት፣ ማለትም በየትም።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ ዳማው ፈረስ በግራ የፊት እግሩ ከማነከሱና እኔም በደሴ ሕዝብ ፊት ከመዋረዴ በስተቀር፣ ደህና ነኝ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ በባሕር ዛፍና በጽድ መካከል፣ የሰው ፈረስ በወር ክፍያ ተቀብዬ የማሳድር ሰው ነኝ። ፈረሶቹን ጋጣ ውስጥ አስሬ አላውልም። በዛፎቹ መካከል ዞሮ የሚገጥም፣ ሁለት ፈረስ ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መንገድ አጥሬ፣ ድርቆሹን በአንደኛው ጫፍ፣ ውኃውን በሌላኛው ጫፍ አድርጌላቸዋለሁ፤ የበላው ሊጠጣ፣ የጠጣው ሊበላ ሲል ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ይውላል። ለምለም ሣር ላይ ለቅቆ ማዋል ለባለቤቱ ዓይን ደስ ቢልም፣ ጣፋጭ ሣር ያበዛ ፈረስ ኮቴው ከውስጥ ታምሞ መራመድ ያቅተዋል። አንዳቸውም ብረት አልተጫሙም። ኮቴ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ያድጋል፤ የመንገዱ ጠጠር ይበላዋል፣ የተረፈውን እኔ በየአምስት ስድስት ሳምንቱ በሞረድ አስተካክላለሁ። ፈረሱ በረገጠ ቁጥር ኮቴው ትንሽ ይከፈታል፣ በሥሩ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ልስላሴም መሬት ይነካና ደሙ ይንቀሳቀሳል። ይህን የምጽፈው ላስተምርዎ ብዬ አይደለም፤ የኮቴን ውስጥ ከእርስዎ በላይ ያየ የለምና።

በመካከላችን የቆየ ቂም መኖሩን አልክድም። በየመሥሪያ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቅ ብለው የቀደዱብኝን ሱሪ ትቼዋለሁ። የባጃጅ ጎማውን ጉዳይ ከሾፌሮቹ ጋር ይወራረዱ። በጽዱ ግንድ ላይ «ቤት የሚከራይ» የሚል ወረቀት ይዘው ሁለት ክረምት መቆየትዎንም ታግሻለሁ፤ ቤቱ እስከ ዛሬ አለመከራየቱ ግን ያሳዝነኛል።

ያለፈውን ሰኞ ግን አልታገሥም።

ጠዋት ድርቆሽ ላድል ስወጣ ዳማው ከጓደኞቹ ተነጥሎ፣ ግራ የፊት እግሩን አንጠልጥሎ ቆሟል። ኮቴውን ገልብጬ ባይ፣ ከልስላሴው ጎን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቀው፣ አናትዎን ብቻ ወደ ውጭ አድርገው፣ ዛሬ እንደተሾመ ሰው ተደላድለው ተቀምጠዋል። ትቼዎት ፈረሱ ቢራመድ የበለጠ ስለሚገቡ፣ የገቡበትን ቦታና አቅጣጫ በብዕር ምልክት አድርጌ በጉጠት ነቀልሁዎ፤ ሐኪሙ ጥልቀቱን እንዲያይም በወረቀት ጠቅልዬ ከደረት ኪሴ አኖርሁዎ። ከዚያ እግሩን አጥቤ፣ በንጹሕ ጨርቅ አስሬ፣ ጭቃ እንዳይገባበት በማዳበሪያ ጠቅልዬ በሲባጎ ጠፈርሁት። ጥፋቴ ማዳበሪያውን አገላብጬ አለማየቴ ነበር። መንገድ ከጀመርን በኋላ ነው «ዩሪያ፣ 50 ኪሎ ግራም» የሚለው ጽሑፍ በፈረሱ እግር ላይ ፊት ለፊት እንደሚነበብ የተረዳሁት።

ሰኞ በደሴ ምን ቀን እንደሆነ ለደሴ ሰው አይነገርም። ገጠሩ ሁሉ ወደ ሰኞ ገበያ ሲወርድና ሲወጣ፣ እኔ ማዳበሪያ የተጫማ ፈረስ እየሳብሁ በሕዝቡ መካከል አለፍሁ። አንድ የጋሪ ነጂ ልጓሙን ስቦ ቆመና፣ «ጋሼ፣ የአንዱን እግር ገዝተውለታል፤ የሦስቱን በዱቤ ነው?» አለኝ። የዕድሜ ባለጸጋ የሆኑ እናት ደግሞ ከልባቸው አዝነው፣ «ወይኔ የኔ ጌታ! ምናለ ጫማ ቢያደርጉለት» አሉ፤ የተናገሩት ለፈረሱ ነበር፣ እኔን አላዩኝም። በረባሶ የሚሠራው ወጣት ከጎማ ክምሩ ኋላ ብድግ ብሎ፣ «ጋሼ አብሽር፣ ለአራቱም እሠራለታለሁ፣ አስተያየትም አደርጋለሁ» ሲል፣ ተከትለውን የመጡት ልጆች «ዩሪያ! ዩሪያ!» ማለት ጀመሩ። ዳማው ባለቤቱ ባወጣለት ስም ሲጠሩት የማይዞረውን ያህል፣ «ዩሪያ» ሲባል ሁለት ጊዜ ዞሮ አየ።

መንገድ ዳር ያገኘሁት አንጥረኛ ሐሳቡ የጠለቀ ነበር። «ብረት ቢጫማ ይህ ሁሉ ባልመጣ» አለኝ። አክብሬው ዝም አልሁ፤ ለእርስዎ ግን ሒሳቡን ላስረዳ። አንድ የብረት ጫማ ከኮቴ ጋር የሚያያዘው ከ6 እስከ 8 በሚደርሱ ምስማሮች ነው፤ ለአራቱ እግር ከ24 እስከ 32 መሆኑ ነው። በአንድ ምስማር ለቆሰለ ፈረስ 32 ምስማር የሚታዘዝበትን ሕክምና እርስዎ ካልሆኑ ማን ሊያስበው ይችላል? ደግሞም ብረቱ የሚሸፍነው የኮቴውን ጠርዝ ብቻ ነው፤ መሐሉ ክፍት ነው፣ እርስዎ የገቡትም በመሐሉ ነው። ዳማው ወርቅ ቢጫማ እንኳ ይገናኙ ነበር።

ለነገሩ ይህች አገር ብረት ያልተጫማ ፈረስ አዲስ የሚሆንባት አገር አይደለችም። በጥቅምት 1909 ወደ ሰገሌ ጦርነት የወረደው የወሎ ፈረሰኛ ከጦሳ ሥር የተነሣው፣ ፈረስ ብረት በማይጫማበት ዘመን ነው፤ ባላገሩ ፈረሰኛም ባዶ እግሩን ሆኖ እርካቡን በአውራ ጣቱ ቆንጥጦ ይጋልብ ነበር። ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው፣ በጫማ ስም የተጠራ ጌታ አልሰማሁም።

ከክሊኒኩ በር ስንደርስ ዘበኛው አዩን፣ ከኋላችንም ተመለከቱ።
«ጋሪው የታለ?»
«ጋሪ የለውም፣ አባባ።»
«ታዲያ ምን ይሠራል?»
«ይጋለባል።»
«ከዚያስ?»

ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ካርድ ለማውጣት አንድ ሰልፍ፣ ለመክፈል ሌላ ሰልፍ፣ የከፈሉበትን ለማሳየት ወደ መጀመሪያው ሰልፍ። ሲስተም አልነበረም። በመጨረሻ የደረሰኝ ቅጽ «የእንስሳው አገልግሎት» በሚለው ሥር ጭነት፣ ጋሪ፣ እርሻ ይላል። «ግልቢያ የሚል የለም» ብል፣ ጸሐፊው ራሱን ሳያቀና «ጭነት በለው፤ አንተም ትከብዳለህ» አለኝ። ሰልፈኛው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ? «የጋሪ ታርጋ ቁጥር» የሚለውን ባዶ መተው ስለማይቻል የስልኬን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ጻፍሁ። ከዚያ ጸሐፊው ቅጹን ወደ ራሱ ሳበና «የአደጋው ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ በደንብ በተቀረጸ ጽሕፈት «ባዶ እግር» ብሎ ሞላው። እርስዎን ከኪሴ አውጥቼ ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና፣ «ምክንያቱ ይኸው» አልሁ። «እሱ በሁሉም ቦታ አለ» አለኝ፤ «በሁሉም ቦታ ያለ ነገር ምክንያት አይሆንም። ፈርም።» ፈረምሁ።

እውነት ለመናገር ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ወደ ጫካዬ እንዴት እንደገባህ አውቃለሁና። ፎቅ ይሠራል፣ መወጣጫው ከባሕር ዛፍ ይመታል፤ ሥራው ሲያልቅ እንጨቱ አንተን በሆዱ እንደያዘ ለማገዶ ይሸጣል፣ ይነድዳል፤ አመዱ ጉድጓድ ይደፍናል ተብሎ በጭቃው መንገድ ላይ ይደፋል። አንተን ከእንጨቱ ለመንቀል ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነበር፤ ጉጠቱ በሠራተኛው እጅ፣ ደመወዙ በአሠሪው ኪስ ነበር። ማንም አልነቀለህም። ባለፈው ዓመት በዚያው መንገድ ቅጠል ስትጠርግ የነበረችውን የጎረቤት ልጅ የኮንጎ ጫማዋን በስተህ እግሯን ወጋሃት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ጫማ ነበራት! ታዲያ ያን ጊዜም «ምነው አይተሽ ብትረግጪ» የተባለችው እሷ ናት። የጣለህን ሰው «አይተህ ጣል» ያለው የለም፣ እኔም ጭምር አላልሁም። ሳምንቱን በሙሉ መንጋጋዋ እንዳይቆለፍ እናቷ ሌሊት እየተነሣች አፏን ስትነካ ከረመች። ልጅቱ ድናለች፣ ትሮጣለች። አንተም እዚያው አለህ።

ይቅርታዎን፣ ክቡርነትዎ፤ «አንተ» ማለቴ ከብስጭት ነው።

የቀረውን ልጨርስ። ሐኪሙ፣ ዕድሜ ይስጠው፣ ስለ ጫማ አንድም ቃል አልተናገረም። የብዕር ምልክቴን አይቶ «ጎበዝ» አለኝ፤ በዕለቱ የሰማሁት ብቸኛ ደግ ቃል ነበር። ቁስሉን ትንሽ ከፈት አድርጎ ፈሳሹ እንዲወጣ አደረገ፣ በአዮዲን አጠበ። ፈረስ ለመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ከቤት እንስሳት ሁሉ ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ፣ የዚያን መከላከያ መርፌ ከውጭ ገዝቼ እንዳመጣ አዘዘኝ፤ ሮጬ አመጣሁ፤ ተወጋ። ለሐሙስም ቀጠሮ ሰጠን።

ስወጣ ጸሐፊው እርስዎን በጣቶቹ መካከል እያገላበጠ ሲያይዎ ደረስሁ። «ገና ደህና ነው» አለ። የማኅተሙን ዳቦ በሚያህል እጀታ ሦስት ጊዜ አናትዎን መታና ከቀን መቁጠሪያው ሥር ከግድግዳው ላይ ተከለዎ፤ ቅጼንም በእርስዎ ላይ ሰቀለው። እኔ ግማሽ ቀን የተሰለፍሁበትን መሥሪያ ቤት እርስዎ ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ፈተና፣ ያለ ድጋፍ ደብዳቤ ተቀጠሩበት። እንኳን ደስ ያለዎ።

ሐሙስ ስንመለስ ዳማው መርገጥ ጀምሯል፤ ማዳበሪያውንም ገልብጬ ነበር ያሰርሁት። ጸሐፊው ፋይሌ እንደጠፋ ሲነግረኝ ወደ ግድግዳው ጠቆምሁት። አወረደው፣ አየው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ደግሞ አየው። እርስዎ የወጉት «የአደጋው ምክንያት» የሚለውን መስመር ኖሯል፤ ከ«ባዶ እግር» የቀረው «ባዶ» የሚለው ብቻ ነው፣ ከጎኑ ክብ ቀዳዳ ዝገት ለብሶ ተቀምጧል።

«ምክንያቱ አይነበብም» አለኝ። «ሌላ ቅጽ ትሞላለህ።»

ከአክብሮት ጋር፣
የዳማው ባልደራስ
ደሴ፣ ከጦሳ ሥር

ግልባጭ፦
ለሽቦ
ለጠርሙስ ስባሪ
ባሉበት